ስለ ጠመኔ ጌጥ

ጠመኔ በትምህርት ቤት ኹሉ የታወቀ ነገር ነው። መምህሩ በጥቍር ሰሌዳ ላይ ይጽፍበታል፤ ተማሪዎቹም የተጻፈውን እያዩ ያነባሉ፤ ትምህርቱ ሲያልቅ በጨርቅ ይጠረጋል። ዛሬ የተጻፈው ፊደል ለነገ አይቈይም። ስለዚህ ብዙ ሰው ጠመኔን ቶሎ የሚጠፋ፥ ዋጋውም ትንሽ የኾነ ነገር አድርጎ ይቈጥረዋል። ነገር ግን ይኸው ዱቄት በወረቀት ላይ በጥንቃቄ የተቀባና በደኅና የተጠበቀ እንደ ኾነ ከሰው ዕድሜ የበለጠ ዘመን ይቈያል። ለዚህም ምስክር የሚኾኑ ሥዕሎች እስከ ዛሬ ድረስ አሉ።

እውነተኛው ጠመኔ ከምድር የሚቈፈር ነጭና ለስላሳ ድንጋይ ነው፤ ወገኑም ከኖራ ድንጋይ ነው። የተሠራበት ነገር እጅግ ያስደንቃል። ከ100 ሚሊዮን እስከ 66 ሚሊዮን ዓመት በፊት በነበረው ዘመን፥ በባሕር ውስጥ በዐይን የማይታዩ ጥቃቅን አልጌዎች ይኖሩ ነበር። እያንዳንዱም እንደ ጋሻ ክብ በኾነ የኖራ ቅርፊት ተሸፍኖ ነበር። በሞቱ ጊዜ ቅርፊታቸው ቀስ በቀስ ወደ ባሕሩ ወለል ወረደ፤ በዚያም አንዱ በሌላው ላይ ተከማቸ፤ ክብደቱም እየተጫነው ድንጋይ ኾነ። ከብዙ ዘመን በኋላ የባሕሩ ወለል ከፍ ብሎ የብስ በኾነ ጊዜ ድንጋዩ ተገለጠ። በእንግሊዝ አገር በዶቨር ከተማ አጠገብ ያለው ነጭ ገደል እንዲህ የተሠራ ነው። ቁመቱ በአንዳንድ ስፍራ ከ100 ሜትር ይበልጣል፤ መርከበኛውም ገና ከሩቅ ሳለ ያየዋል። ይህን የሚያህል ገደል በዐይን ከማይታይ ፍጥረት ቅርፊት ተሠራ ቢሉት ማን ያምናል? ነገር ግን አጕልቶ በሚያሳይ መነጽር የጠመኔውን ዱቄት የተመለከተ ሰው ቅርፊቶቹን ያያቸዋል።

ዛሬ በብዙ ትምህርት ቤት የሚጻፍበት ጠመኔ ግን ከዚህ ድንጋይ የተቈረጠ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ከጀሶ የተሠራ ነው። የጀሶው ድንጋይ ተፈጭቶ በእሳት ይሞቃል፤ ከዚያ በኋላ በውሃ ይለወሳል፤ በቅርጽ ውስጥ ፈስሶ ይደርቃል። በኢትዮጵያም የዐባይ ወንዝ በቈረጠው ታላቅ ገደል ውስጥ የኖራ ድንጋይና የጀሶ ድንጋይ አንዱ በሌላው ላይ ተነጥፈው ይታያሉ። ነጩን ጠመኔ ባለ ቀለም ለማድረግ የፈለጉ እንደ ኾነ ከመድረቁ አስቀድሞ የተፈጨ ቀለም ይጨምሩበታል።

የኤውሮፓ ሠዓሊዎች ከድሮ ጀምሮ በሦስት ዐይነት የተፈጥሮ ጠመኔ ይሠሩ ነበር፤ በነጩ፥ በቀዩና በጥቍሩ። ቀዩ መልኩን ያገኘው በውስጡ ካለው የብረት ዝገት ከሚመስል ማዕድን ነው፤ ጥቍሩም ከሰል መሳይ ነገር የተቀላቀለበት ለስላሳ ድንጋይ ነው። ቀዩና ጥቍሩ በእውነቱ የነጩ ወገን አይደሉም፤ እንደ እርሱ ለስላሳ ስለ ኾኑ ብቻ በስሙ ተጠሩ። ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ የተባለው ኢጣልያዊ (ከ1452 እስከ 1519፥ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር፤ በዚህ ትምህርት ያሉት ዓመታት ኹሉ እንዲሁ ናቸው) በቀዩ ጠመኔ የሰውን ፊት ይነድፍ ነበር። ፈረንሳዊው አንትዋን ዋቶ (ከ1684 እስከ 1721) ሦስቱን በአንድ ወረቀት ላይ ያስተባብራቸው ነበር። በጥቍሩ ጠጕሩንና ልብሱን፥ በቀዩ ጕንጩንና ከንፈሩን፥ በነጩም ብርሃን የወደቀበትን ስፍራ ያሳይ ነበር።

ከዚህ በኋላ ፓስቴል የሚባለው ተወደደ። ፓስቴል የተፈጨ ቀለም ነው፤ ነጭ ጠመኔና ጥቂት ሙጫ ተጨምሮበት እንደ ሊጥ ይለወሳል፤ እንደ ጣት ቀጥኖ ተድቦልቡሎ ይደርቃል። ሙጫው ሲበዛበት ይጠነክራል፥ ሲያንስበት ግን ይለሰልሳል፤ መልኩም ይደምቃል።

በዚህ ሥራ ከታወቁት ኹሉ ሮዛልባ ካሪዬራ የምትባል የቬኒስ ከተማ ሴት ትበልጣለች። የተወለደችው በ1673 ነው። መዠመሪያ በትንንሽ የሣጥን ክዳን ላይ ጥቃቅን ሥዕል ትሥል ነበር፤ በኋላ ግን ፓስቴልን ያዘች። በ1720 ወደ ፓሪስ ሄደች፤ በዚያው ዓመትም የፈረንሳይ ንጉሥ የሥዕል አካዳሚ በአባልነት ተቀበላት። በዚያ ዘመን ሴት ወደዚያ ማኅበር መግባትዋ እጅግ ጥቂት ጊዜ የኾነ ነገር ነበር። ገና ልጅ የነበረውን ንጉሥ ሉዊ 15ኛን ሣለችው፤ ከላይ ስሙ የተነገረውን ዋቶንም በ1721 ሣለችው፤ እርሱም በዚያው ዓመት ሞተ። እርስዋ ግን እስከ 1757 ኖረች፤ በመጨረሻ ዕድሜዋም ዐይንዋ ታወረ። ከሥዕሎችዋ ብዙዎቹ ዛሬ በጀርመን አገር በድሬስደን ከተማ ይገኛሉ። ከ250 ዓመት በላይ ያለፈው ያ ዱቄት እስካሁን በወረቀቱ ላይ ተቀምጦ የሰዎቹን መልክ ያሳያል። ያስቀመጠውም ሌላ ነገር አይደለም፤ በፊቱ መስተዋት ተደርጎለታል፤ ማንም በእጁ አልነካውም።

እንግዲህ ጠመኔ በዚህ ዘመን ደግሞ የሚያገለግልበት አንድ የቤት ሥራ አለ፤ ይኸውም የመታሰቢያ መጽሐፍ ማስጌጥ ነው። የመታሰቢያ መጽሐፍ ማለት ሰው የዘመዶቹን ፎቶግራፍ፥ የተላከለትን ደብዳቤ፥ የደረቀ አበባ፥ የጕዞ ትኬትና ይህን የመሰለውን ኹሉ እየለጠፈ የሚያኖርበት ባዶ ገጽ ያለው መጽሐፍ ነው። በእንግሊዝና በአሜሪካ ይህ ልማድ ከቈየ ብዙ ዘመን ኾኖታል። አሜሪካዊው ደራሲ ማርክ ትዌይን ራሱ እንዲህ ያለ መጽሐፍ ያዘጋጅ ነበር። ነገር ግን የሙጫው ሥራ ስላስቸገረው በገጹ ላይ አስቀድሞ ሙጫ የተቀባበት መጽሐፍ አሰበ፤ ባለቤቱ ገጹን በጥቂት ውሃ ካራሰ በኋላ ወረቀቱን ተጭኖ ይለጥፈዋል። ስለዚህም ፈጠራ በ1873 የባለ መብትነት ማረጋገጫ ከመንግሥት ተቀበለ። ከመቶ ዓመት በኋላ ይህ ሥራ በዩታ አውራጃ እንደ አዲስ ታደሰ። ማሪየለን ክሪስተንሰን የተባሉ እመቤት ከቤተ ሰባቸው ጋር ያዘጋጁአቸውን ብዙ የመታሰቢያ መጻሕፍት በ1980 በሶልት ሌክ ከተማ በተደረገ ታላቅ የቤተ ሰብ ታሪክ ጉባኤ ላይ አሳዩ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው ተከተላቸው፤ ለዚህ ሥራ የሚኾን ወረቀትና መሣሪያ የሚሸጥበትም ሱቅ ተከፈተ። ከሚሸጡትም ዕቃዎች አንዱ በትንሽ ሣጥን የተደረደረ ባለ ብዙ ቀለም ጠመኔ ነው።

በዚህ ስፍራ ስለ ወረቀቱ ጥቂት ቃል መናገር ይገባል፤ ጌጡ ቢያምር ወረቀቱ ከፈረሰ ምን ይጠቅማል? በድሮ ዘመን የኤውሮፓ ወረቀት ከአሮጌ ጨርቅ ይሠራ ነበር። ከ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ወዲህ ግን ብዙው ከእንጨት ይሠራ ዠመር። በዚህ ወረቀት ውስጥ አሲድ ነበረበት፤ ስለዚህ ጥቂት ዓመት ሲቈይ ይጠወልጋል፥ ቢጫ ይኾናል፥ ሲያጥፉትም ይሰበራል። የድሮ ጋዜጣ ያየ ሰው ይህን ያውቃል። መልካም የአልበም ወረቀት የሚሠሩ ሰዎች አሲዱን የሚያበርድ ካልሲየም ካርቦኔት የሚባል ነገር ይጨምሩበታል። ካልሲየም ካርቦኔት የተባለውም ሌላ አይደለም፤ የዶቨር ገደል የተሠራበት ያው ነጭ ጠመኔ ነው። እንግዲህ ጠመኔ በወረቀቱ ላይ ጌጥ ሳይኾን አስቀድሞ በወረቀቱ ውስጥ ጠባቂ ኾኖ ይቀመጣል።

የጌጡ አሠራር ከባድ አይደለም፤ ትዕግሥት ግን ይፈልጋል። አስቀድሞ እጅን መታጠብና አጥብቆ ማድረቅ ያስፈልጋል። በሰው ጣት ላይ ሁልጊዜ ጥቂት ቅባት አለ፤ የቅባት ጣት ያረፈበት ወረቀት ጠመኔውን በዚያ ስፍራ አብዝቶ ይይዛል፤ ስለዚህ በሰማያዊው ሰማይ መካከል የአውራ ጣት ምልክት ይወጣል። ለመቀባት ትንሽ የጥጥ ጕዝጓዝ ይበቃል። ጥጡን በጠመኔው ላይ ቀስ አድርጎ ማሸት፥ ከዚያም ትርፉን በሌላ ቍራጭ ወረቀት ላይ ማራገፍ፥ በመጨረሻም በገጹ ላይ እጅን እያዞሩ በቀላሉ መቀባት ነው። ቀለሙ ያነሰ ቢመስል ይደገማል። ብዙ አድርጎ ዠምሮ መቀነስ ግን ያስቸግራል፤ ይህን የማይሰማ ልጅ ሁልጊዜ ይገኛል፤ ገጹም እንደ ተቀባ ግድግዳ ይኾንበታል።

ወረቀት ኹሉ ጠመኔን አይቀበልም። የሚያንጸባርቅና እንደ መስተዋት የለሰለሰ ወረቀት ዱቄቱን የሚይዝበት ነገር የለውም፤ ስለዚህ ይንሸራተታል። ጥቂት ሸካራ የኾነው ግን ዱቄቱን በጥቃቅን ጕድጓዶቹ ውስጥ ይሰበስበዋል። ከኹሉ ይልቅ የሚይዘው የተቀደደ ጠርዝ ነው። ወረቀት በመቀስ የተቈረጠ እንደ ኾነ ጠርዙ ልሙጥ ነው፤ በእጅ የተቀደደ እንደ ኾነ ግን በውስጡ ያለው ጭረት እንደ ጥጥ ተነሥቶ ይታያል። በዚያ ጠርዝ ላይ ቡናማ ጠመኔ ቢያስነኩት ብዙ ዘመን የቈየ ብራና ይመስላል። ወረቀቱን በእጅ ጨምድዶ እንደ ገና ዘርግቶ ጠመኔውን በላይ በላዩ ቢያሳልፉበት ደግሞ፥ ከፍ ከፍ ያለው ጕብታ ብቻ ቀለም ይዞ የቈዳ መልክ ይወጣል።

ተራራ ለማሳየት የሚያስፈልገው አንድ ቍራጭ ወረቀት ብቻ ነው። ቍራጩ በእጅ ተቀድዶ ጠርዙ ወጣ ገባ ይኾናል። ይህን በገጹ ላይ ካስቀመጡ በኋላ ጥጡን ከቍራጩ ላይ ወደ ላይ ወደ ገጹ ይስቡታል። ቍራጩ ሲነሣ የጠርዙ ቅርጽ በገጹ ላይ ተሥሎ ይገኛል። ከዚያ ቍራጩን ጥቂት ወደ ታችና ወደ ጐን ፈቀቅ አድርገው ይደግሙታል። መዠመሪያው በሣሣ ሰማያዊ፥ ሁለተኛው ጠንከር ባለ ሰማያዊ፥ ሦስተኛው በአረንጓዴ የኾነ እንደ ኾነ፥ አንዱ ተራራ በሩቅ፥ አንዱ በቅርብ ያለ ይመስላል። በማለዳ ከከፍታ ላይ ቆሞ አገር ያየ ልጅ ሩቁ ተራራ ሁልጊዜ እንደሚሣሣ ያስታውሳል። የተሳሳተውም ስፍራ በላጲስ ይጠፋል፤ ዘይት ቀለም ይህን ምሕረት አያደርግም። እንዲያውም ብልኅ ሰው ላጲሱን እንደ ነጭ ብርሃን ይሠራበታል፤ በሰማያዊው ውስጥ በላጲስ ቢነካ ደመና ይወጣለታል።

በወረቀቱ ላይ የቀረውን ትርፍ ዱቄት በአፍ እፍ ማለት መልካም አይደለም። የአፍ እንፋሎትና ምራቅ ነጠብጣብ ያወጣል፤ የተነሣው ዱቄትም ተመልሶ ወደ ሳንባ ይገባል። ገጹን አቁሞ በስተጀርባው ቀስ አድርጎ መታ መታ ማድረግ ይሻላል።

ከዚህ ኹሉ የሚበልጥ አንድ ሕግ አለ። ጠመኔ በገጹ ላይ ይቀባል እንጂ በመታሰቢያው በራሱ ላይ አይቀባም። ይህ ሕግ ስለ ምን እንዳስፈለገ በአንዲት ልጅ ታሪክ ይታያል።

ልጅቱ ዐሥራ ሁለት ዓመት የኾናት ነበረች። አያትዋ እርስዋ በተወለደች ጊዜ ለእናትዋ የላኩላት አንድ ደብዳቤ ነበረ፤ የተጻፈውም በእርሳስ ነበር። አያትዋ ከዚያ በኋላ ብዙ አልቈዩም፤ ዐረፉ። ፎቶግራፋቸውም የእጅ ጽሕፈታቸውም ከዚህ በቀር በቤቱ አልነበረም። ልጅቱ ደብዳቤውን በመታሰቢያ መጽሐፍዋ ለማኖር እናትዋን ለመነች፤ እናትዋም ፈቀደችላት። ልጅቱ የገጹን ዙሪያ ቡናማ አድርጋ በመልካም አስጌጠችው። ሲያምር ባየች ጊዜ ግን ልብዋ ቀጠለ፤ የደብዳቤውንም ጠርዝ እንደ አሮጌ ብራና ላድርገው ብላ ጥጡን አሳለፈችበት። እርሳስ በላዩ ሲታሽበት የሚጠፋ ነገር ነው። የመጨረሻው መስመር ጫፍ ደበዘዘ፤ ሦስት ቃላት ከጠመኔው ጋር ተቀላቅለው ጠፉ። የጠፉትም ከምርቃቱ ቃላት ነበሩ።

ልጅቱ ደንግጣ ለታላቅ ወንድምዋ ነገረችው። እርሱም ደብዳቤውን አገላብጦ አየና፥ «አታልቅሺ፤ የአያታችንን ጽሕፈት አይቶ መምሰል ቀላል ነው። እኔ ቀስ ብዬ እጽፈዋለሁ፤ እማማም አታውቅም» አላት። ደግሞም እጁ ጽሕፈት የተካነ ነበርና የሚዋሽ አልነበረም። እርሳሱም ተቀረጸ። ልጅቱ እርሳሱን ከእጁ ተቀብላ ብዙ ጊዜ ዝም ብላ ቈየች፤ ከዚያም ተነሥታ ደብዳቤውን ይዛ ወደ እናትዋ ሄደች።

«እማዬ፥ የአያቴን ቃል አጠፋሁት» አለቻት።

እናትዋ ደብዳቤውን ወደ መስኮት አቅርባ ለረጅም ጊዜ ተመለከተችው። ልጅዋን አልተቈጣቻትም፤ ነገር ግን ዐይንዋ እንባ ሞላ። ቀጥላም ልጅቱ ወንድምዋ ያሰበውን በነገረቻት ጊዜ፥ «አባቴ ያልጻፉትን በአባቴ እጅ አታስጽፉ። የጠፋው ይጥፋ፤ የቀረው የእርሳቸው ይኹን» አለች። ከሦስቱ ቃላት ሁለቱን ታስታውሳቸው ነበር፤ ሦስተኛውን ግን ብታስብ ብታስብ ማግኘት አልቻለችም።

ልጅቱም ደብዳቤውን እንዳለ አኖረችው። ከበታቹ በሌላ ትንሽ ወረቀት፥ በገዛ እጅዋ ጽሕፈት፥ እንዲህ ብላ ጻፈች፤ «በዚህ ስፍራ ሦስት ቃላት ነበሩ። እኔ በጠመኔ ሳሽ ጠፉ። እናቴ ሁለቱን ታስታውሳለች፤ እነርሱም ‹ዕድሜ› እና ‹ጤና› ናቸው። ሦስተኛውን የሚያውቅ የለም።» መጽሐፉን ለማየት የሚመጣ ዘመድ ኹሉ ያን ገጽ ሲያይ ይቆማል። አንዳንዱም ሦስተኛው ቃል ይህ ይኾናል ብሎ ይገምታል፤ ልጅቱ ግን ግምቱን በመጽሐፉ ውስጥ አትጽፈውም።

ደብዳቤም ኾነ ፎቶግራፍ ሳይነካ ለማኖር የሚሻለው መንገድ አስቀድሞ ገጹን ማስጌጥ፥ ዱቄቱን ማራገፍ፥ በመጨረሻም መታሰቢያውን በወረቀት ማዕዘን መያዝ ነው። በአራቱ ጫፍ ትንንሽ የወረቀት ኪስ ይደረግለታል፤ ሙጫው ኪሱን ይነካል እንጂ ፎቶግራፉን አይነካውም። ከዚያ በኋላ ያለ ሰው ሊያወጣው ቢፈልግ ሳይቀድድ ያወጣዋል።

ጠመኔው እንዳይነሣ በላዩ የሚረጭ ማጽኛ ፈሳሽ አለ። ይህን የሚረጨው ትልቅ ሰው ይኹን፤ ሽታውም ለጤና መልካም ስላልኾነ ከቤት ውጭ ይረጭ። ከሩቅ በስሱ ተረጭቶ ይደርቃል፤ ቢያስፈልግም ይደገማል። በአንድ ጊዜ አብዝተው የረጩት እንደ ኾነ ወረቀቱ ይርሳል፥ መልኩም ይጠቍራል። ነጩ ጠመኔ በተለይ ይደበዝዛል፤ ስለዚህ አንዳንድ ሰዎች ነጩን ብርሃን ፈሳሹ ከደረቀ በኋላ ይጨምሩታል። ማጽኛውም ቢኾን ዱቄቱን ፈጽሞ አያስረውም፤ በጣት ቢታሽ ይነሣል።

መጽሐፉ ፀሓይ በማይደርስበትና እርጥበት በሌለበት ስፍራ ይቀመጥ። በተጌጠው ገጽና በሚቀጥለው ገጽ መካከል ስስ ልሙጥ ወረቀት ይግባ። በዓመት አንድ ጊዜም ተከፍቶ ዱቄቱ ወደ ፎቶግራፉ እንዳልተሻገረ ይታይ፤ ተሻግሮ የተገኘ እንደ ኾነ በለስላሳና ደረቅ ብሩሽ፥ ከፊቱ ዠምሮ ወደ ውጭ ይጠረጋል።